የተገለበጠው ወረቀት

ጡረታ ስወጣ የርክክቡ ፎርም አራት ገጽ ነበር። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ የማይሠራ ፕሪንተር፣ የሬድዮ ክፍሉ ቁልፍ። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሥራ በአራት ገጽ አለቀ። ስለ ደሞዙ አታስለፍልፉኝ፤ ደሞዝ የሚያወራ ጡረተኛ ለጎረቤትም አይመች።

ተረካቢዋ ሕይወት የምትባል ከባሕር ዳር የመጣች ኢንጂነር ናት። እጇ ፈጣን፣ ምላሷም እንደዚያው። እኔ የጻፍኩትን የድሮ ፕሮግራም የማስተካከያ ፋይል ከፍታ ስታነብ ቆይታ አንድ መስመር ላይ ቆመች። በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፦ «ይህን የሚከፍት ሰው መጀመሪያ ማን ያያል ብሎ ይጠይቅ።»

«ጋሼ፣ ይሄ ኮድ ነው ወይስ ስብከት?» አለችኝ።

«ሁለቱም ነው» አልኳት። ከዚያ ወንበር ሳብኩና ነገሩን ከሥሩ ነገርኳት። ለእሷ የነገርኩትን ነው አሁን የምጽፈው።

ሰቆጣ፣ የዝናብና የእህል ወሬ በሚሰበስብ መሥሪያ ቤት የተቀጠርኩት በሰማኒያዎቹ አጋማሽ ነው። ያኔ ሰቆጣን ከወረዳዎቹ የሚያገናኝ አንድ የአጭር ሞገድ ሬድዮ ነበረን። ዝናብ ጣለ፣ ማሽላው ደረቀ፣ ፍየል አለቀ፣ የተከዜ ውሃ ሰው ወሰደ፤ ከዝቋላም ከአበርገሌም የሚመጣው ወሬ ሁሉ በእሱ በኩል ነው። የሬድዮው ጌታ ጋሽ ተፈራ ነበሩ። ሬድዮውና እሳቸው በአንድ መኪና መጡ ይባላል። አገርዎ ወዴት ነው ሲባሉ «ከታች» ነው መልሳቸው። ከሰቆጣ ታች ያልሆነ አገር ደግሞ የለም! ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፣ የሚጽፍላቸው ዘመድ የላቸው። የግል ማኅደራቸው ላይ «የቅርብ ተጠሪ» በሚለው ቦታ አጭር ሰረዝ ብቻ ነበር።

ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ልማዳቸው ግን መጀመሪያ ያስፈራኝ ነበር። የሬድዮ ክፍሉ የራሳቸው ነው፣ ቁልፉም ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ሆኖም ሳያንኳኩ አይገቡም። ሦስት ጊዜ ቆጥረው ያንኳኳሉ፣ ትንሽ ይቆማሉ፣ ከዚያ ይከፍታሉ። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ «ጋሽ ተፈራ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ማን አለ ብለው ነው?» አልኳቸው።

«ካለ እንዳላስደነግጠው ነዋ» አሉኝ። ፈገግ እንኳ አላሉም።

የሳምንቱ የይለፍ ቃል በቁራጭ ወረቀት ይመጣል። አንድ ጊዜ ያነቡታል፣ ያቃጥሉታል፣ አመዱን በጣታቸው ያደቁታል። ውሃ ለመጠጣት እንኳ ሲነሱ ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ወረቀት ሁሉ በፊቱ ይገለብጡታል። የእሳቸውን የተገለበጠ ወረቀት የነካሁ ቀን ጆሮዬ እስኪግል ተቆጡኝ። ከዚያ ወዲህ የሰው የተገለበጠ ወረቀት አልነካም፤ ከአንዱ በቀር።

ክረምት ላይ ደግሞ ሬድዮው አመል ነበረው። እኔ የዝቋላን ጣቢያ «ጽጽቃ፣ ጽጽቃ» ብዬ እጣራለሁ፤ መልስ የለም። ትንሽ ቆይቶ ከጩኸቱ መሃል የራሴው ድምፅ «ጽጽቃ፣ ጽጽቃ» እያለ ተመልሶ ይመጣል። አየሩ ነው ይላሉ፤ አየሩ ይሁን። ጋሽ ተፈራ ግን መሐረባቸውን ድምፅ ማጉያው ላይ ጣል አድርገው «ዝም በል። ሰሚ አለ» ይሉኛል። 

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ኮምፒውተር መጣና እኔ ኮርስ ተላኩ። ስመለስ ራሴን እንደ አዋቂ እየቆጠርኩ ነው። የወረዳ ሪፖርተሮች በየሳምንቱ የዝናቡንና የእህሉን ነገር በሬድዮ መናገራቸው ቀርቶ በድረ ገጽ እንዲሞሉ ፕሮግራም ጻፍኩ። መስመር ያለው ከወረዳው ሆኖ ይገባል፤ መስመር የሌለው ሰቆጣ ድረስ መጥቶ በእኛ ኮምፒውተር ይሞላል።

ነገሩ ይገባችሁ ዘንድ አንድ ነገር ላስረዳ። ስክሪፕት የምንለው፣ ሰው ሲገባ ገጹን እዚያው እየጻፈ የሚያቀርብ የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ከስክሪፕቱ በፊት በር ላይ የሚቆም ሌላ ፕሮግራም አለ፤ ቁጥርህንና ፓስወርድህን ተቀብሎ የሚያስገባህ እሱ ነው። ጥያቄው ይሄ ነው፦ ይህ በረኛ የሰማውን ፓስወርድ ውስጥ ላለው ስክሪፕት ይንገረው ወይስ ለራሱ ይያዘው? እኔ በማስተካከያው ፋይል ላይ ሦስት ምርጫ አበጀሁ። አንደኛ፣ ምንም አትንገር። ሁለተኛ፣ የሠራተኛውን ቁጥር ብቻ ንገር። ሦስተኛ፣ ሁሉንም ንገር። ሦስተኛውን ያስገባሁት ሪፖርቱ ወደ ክልል ማሽን ሲያልፍ ያም በር ፓስወርድ ስለሚጠይቅ ነው።

ለጋሽ ተፈራ በኩራት አሳየኋቸው። ኮምፒውተር አያውቁም፤ ጥያቄያቸው ግን ቀጥ ብሎ ቁስሉ ላይ አረፈ።

«ሰው መርጦ የሚያስተካክለውን ተወው። ማንም ሳይነካው ሲቀር የትኛው ነው የሚሆነው?»

«ሦስተኛው። አለዚያ በየጊዜው እኔ ልቀይር ነው።»

«ማን ያያል?»

«ማንም አያይም፣ ጋሽ ተፈራ!»

«እኔ ሬድዮ ላይ ስኖር ማንም አይሰማም ሲባል ነው የኖርኩት» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። «መልእክተኛ የታሸገ ፖስታ ይዞ ይሄዳል እንጂ አንብቦ አይሄድም፣ ግደይ።»

ልክ ነበሩ። ሰው የማስተካከያ ፋይል አይነካም፤ ሳይነካ የቀረው መስመር ነው የሚገዛው። እኔ ግን አለቃ እየጨቀጨቀኝ ነበርና እንደተከፈተ ተውኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ!

ሪፖርተሮቹን ሰብስቤ አሠለጠንኩ። ስለ ፓስወርድ የነገርኳቸውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ማንም የማያውቀው፣ እናንተ ግን እስክትሞቱ የማትረሱት ቃል ይሁን። ወረቀት ላይ እንዳትጽፉት። ለባልም ለሚስትም እንዳትነግሩ።» ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ሰው እንኳ ጥያቄ አልጠየቀም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ጥቂት ወራት አለፉ። በረኛው ለስክሪፕቱ ምን ምን እንደሚያቀብል ለማየት አንድ የሙከራ ገጽ ጽፌ ሳምንት አቆየሁት። የገባ ሰው ሁሉ ቁጥሩና ስሙ እንዲመዘገብ ነበር ያዘዝኩት። አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ከፈትኩት። በግራ በኩል የእኛ የሠራተኛ ቁጥሮች ተደርድረዋል፤ በስም ረድፍ ላይ ግን አንድም የማውቀው ሰው የለም። ወለተ እንትን፣ ገብረ እንትን፣ ኃይለ እንትን። ወንድሜ፣ ፀጉሬ ቆመ። ቁጥሮቹ የእኛ ናቸው፤ ሰዎቹ የእኛ አይደሉም። እኛ ቤት ውስጥ፣ በእኛ ወንበር ላይ፣ ሌሎች ሰዎች ሳምንቱን ሙሉ ሲወጡና ሲገቡ ከርመዋል።

ለጋሽ ተፈራ ላሳያቸው ብዬ አትም አልኩት። ፕሪንተሩ ሬድዮ ክፍል ነው፤ በግድግዳው በኩል ሲንጫጫ ይሰማኛል። እስኪያትም ድረስ እንግዶቹን አንድ በአንድ ድምፄን አውጥቼ አነበብኳቸው። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አምስተኛውን ስጠራ ከኋላዬ «አቤት» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዞር ስል ወርቅነሽ ናት። የጽጽቃ ሪፖርተራችን፣ በዚያ ቁልቁለትና አቀበት ደብተሯን ይዛ የምትመጣ ቆፍጣና ሴት፤ ተራዋን እየጠበቀች ከኋላዬ ተቀምጣ ነበር። አፏን በእጇ ይዛለች። እኔም እንደ ሞኝ ደገምኩት፤ እንደገና ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«ጋሼ፣ ይሄን ስም ከማን ሰሙት?» አለች። «ከእናቴና ከንስሐ አባቴ በቀር የሚያውቀው የለም።»

ለአገሬ ሰው የክርስትና ስም ምን እንደሆነ ማስረዳት አያሻኝም። ቅዳሴ ላይና ሬሳ ላይ ካልሆነ ደጅ የማይወጣ ስም ነው። ስሙን የያዘ ነፍሱን ያዘ ይባላል፤ ጠንቋይም መተተኛም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። እኔ ደግሞ ማንም የማያውቀው፣ እስክትሞቱ የማትረሱት ቃል ስጡኝ ብያለሁ። እንዲህ ያለ ቃል እያንዳንዱ ሰው ያለው አንድ ብቻ ነው። በረኛው ደግሞ በስም ረድፉ ላይ ያቀበለው ፓስወርዱን ኖሯል። ስሙንም እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷንም የማንንም።

ገጹን ወደ ታች ገፋሁት። የቀሩት መስመሮች መጡ። ከታች ሁለተኛው ላይ የራሴው ስም ቁጭ ብሏል። እኔም! አስተማሪው! ከሁሉ በታች ደግሞ 01 ቁጥር፣ መግባትን ብቻ ያስተማርኳቸው የጋሽ ተፈራ ቁጥር፣ ከጎኑም አንድ ስም። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ግን አንብቤዋለሁ።

ገጹን ዘግቼ ወደ ሬድዮ ክፍሉ ሮጥኩ። ፕሪንተሩ ገና ሙቅ ነው። ወረቀት ግን የለም። በጠረጴዛ ሥር፣ በቅርጫት፣ በመደርደሪያ ፈለግኩ፤ የለም። ጋሽ ተፈራ በዚያው ቅጽበት ከደጅ አንኳኩ፤ ሦስት ጊዜ።

«እዚህ ወረቀት አላዩም?» አልኳቸው።

«የምን ወረቀት?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ቆመው ሰሙኝ። አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም፤ እሱ ነው የበለጠ የገደለኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሳምንቱ ወሬው ዝቋላ ደረሰ፣ በሁለተኛው አበርገሌ። አሥራ ሁለት መስመር የያዘ ወረቀት ጠፍቷል፣ አንድ ሰው ይዞታል። በገበያ ቀን ሰዎች ፊቴን አይተው መንገድ ይቀይሩልኝ ጀመር። ሪፖርተሮቹ አንድ በአንድ መግባት አቆሙ። የሳቀ መሐመድ ብቻ ነው፤ አባቱ ሰቆጣ ሱቅ ያለው ሪፖርተራችን። «የእኔ ፓስወርድ የበቅሎዬ ስም ነው፣ ቦራ። ቦራን መተት ካደረጉባት መቼስ ዱሮም መጫን አትወድም» አለኝ። ሳቅኩ፤ ግን ወረቀቱን መፈለግ አላቆምኩም።

በሦስተኛው ሳምንት ወርቅነሽ ታመመች ተባለ። ትኩሳት፣ መቃዠት፣ ስሟ ሲጠራ አለመመለስ። ጸበል ወስደዋታል፤ አልተሻላትም። እናቷ «ስሟ ተወስዷል፣ በምን ትመለስ» አሉ አሉ። እኔ ኮርስ ተምሬያለሁ፣ በዚህ አላምንም እያልኩ ራሴን እሰድባለሁ፤ ግን ልጅቷ ብትሞት ገዳይዋ እኔ እንደሆንኩ ሆዴ ያውቃል። ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ኀፍረት ነበር፣ አጥንት የሚበላ ኀፍረት።

በእነዚያ ቀናት ፕሮግራሙን አፍርሼ ሠራሁት። ሳይነካ ሲቀር በረኛው ምንም አይናገርም። ለክልሉ ማስተላለፊያ የግድ ከሆነ፣ አንድ ገጽ ብቻ፣ ስሙ ተጠርቶ ይፈቀድለታል፤ የፈቀደው ሰውም ስሙንና ምክንያቱን እዚያው መጻፍ አለበት፣ ካልጻፈ አይከፍትም። ማስተካከያዎቹን ሁሉ የሚያሳየው ገጽ እንኳ በፓስወርዱ ቦታ ኮከብ ብቻ እንዲያሳይ አደረግኩ። ያችን የስብከት መስመር የጻፍኩት ያኔ ነው። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

አንድ ማለዳ ጋሽ ተፈራ በትራቸውን ይዘው መጡ። «ተነሥ፣ ጽጽቃ እንሂድ» አሉኝ። መኪናው እስከሚሄድበት ሄድን፤ የቀረውን በእግር። በዚያ ዕድሜያቸው ከእኔ ቀድመው ነበር የሚሄዱት። መንገድ ላይ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ስም የወሰደ ስም ይሰጣል። ሌላ መድኃኒት አላውቅም።»

ወርቅነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። እናቷ አማርኛ ብዙ አይቀናቸውም፤ እኔ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና አናገርኳቸው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና ጋሽ ተፈራን «እርስዎ ይቀመጡ» አሏቸው። እኔን ተቀመጥ ያለኝ የለም። ሄጄ ተንበረከኩና በልጅቷ ጆሮ የራሴን የክርስትና ስም ነገርኳት። ከእናቴ ሞት በኋላ ከአፌ ያወጣሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ዓይኗ ተከፈተ።

«ይሄ ነው ስምዎ?» አለች በደከመ ድምፅ። «ይሄን ነው እንዲህ ሲደብቁ የኖሩት?»

ወርቅነሽ ሳቀች፤ እናቷ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። የጤና ረዳቱ ወባ ነው፣ ተከዜ ወርዳ ሳለች የያዛት ነው፣ መድኃኒቱም ያን ቀን ነው የሠራላት አለ። ይሁን። ወባ ነው ብዬ አምናለሁ። ብቻ ለምን በዚያች ሰዓት እንደነቃች የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ስንመለስ ጋሽ ተፈራ አቀበቱ መሃል ላይ ቆሙ። ወደ እኔ ሳይዞሩ «የእኔንስ አይተሃል?» አሉኝ።

«አላየሁም፣ ጋሽ ተፈራ።»

«ደግ» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። በሕይወቴ ከዋሸኋቸው ውሸቶች ሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው። የእኔን ስም ግን አልጠየቁኝም፤ ያኔ አልገረመኝም።

ወርቅነሽ ሥራ ስትጀምር ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተመለሱ። ወረቀቱ ግን አልተገኘም። ዓመታት አለፉ። ሰው ሲታመም፣ በቅሎ ስትወድቅ፣ ዝናብ ሲዘገይ፣ ያ ወረቀት የት ይሆን ብዬ አስባለሁ። አንዳንዴ ግድግዳው ማዶ ፕሪንተሩ የሚንጫጫ ይመስለኛል፤ ሄጄ ሳይ ከመስመሩ ተነቅሎ ቁጭ ብሏል።

ከሚሊኒየሙ በዓል በኋላ ነው፤ ጋሽ ተፈራ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ሲቀራቸው። ረፋድ ላይ ፊርማ ፈልጌ ሬድዮ ክፍሉን አንኳኳሁ። ሦስት ጊዜ። ትንሽ ቆየሁና ከፈትኩ። ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አልፈዋል። መነጽራቸው ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት በፊቱ ተገልብጧል። ሊነሱ ሲሉ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት። ሰው መጣ፣ ተጯጯኸ። እኔ ያን ወረቀት እንደተገለበጠ ማኅደር ውስጥ አስገባሁት። አላየሁትም፤ ያስተማሩኝ እንደዚያ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ስናደርስ ቄሱ «የክርስትና ስማቸው ማነው?» አሉ።

ሰው ሁሉ ተያየ። «የንስሐ አባታቸውስ?» «በአገራቸው ነው የሚሉት።» «አገራቸው የት ነው?» ቄሱ መጽሐፋቸውን እንደያዙ ቆሙ። «ልጆቼ፣ ያለ ስሙ ማን ብዬ ላሳስበው?» አሉ። ያን ያህል ዘመን ያገለገለ ሰው እንደማይታወቅ ሊቀበር ነው። ከሕዝቡ መሃል ሪፖርተሮቹ ሁሉ አሉ። አሁን ብናገር፣ ለጋሽ ተፈራ አላየሁም ያልኩት ውሸት ሆኖ ይወጣል፤ የሁላቸውንም ስም እስከ ዛሬ ይዤ እንደምዞር ያውቃሉ። ግን ሄድኩ።

«አባቴ፣ እኔ አውቀዋለሁ» አልኩ በጆሯቸው።

«ዘመድ ነህ?»

«አይደለሁም። በሥራ ነው ያወቅኩት።»

ነገርኳቸው። ቄሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስሙን ጠሩ። ሰቆጣ ያን ስም ሰምታ አታውቅም፤ ነፋሱ እንኳ ያዳመጠ መሰለኝ። ወርቅነሽ ዞር ብላ አየችኝ። ይፈረድብኛል ብዬ ስጠብቅ መጥታ ከጎኔ ቆመች።

ከቀብር መልስ ሬድዮ ክፍሉን አንኳኩቼ ገባሁና ወረቀቱን ከማኅደሩ አውጥቼ ገለበጥኩት። ያ የጠፋው ወረቀት ነው። ከአሥራ ሁለቱ መስመር አሥሩ በጥቁር ቀለም ተሰርዘዋል፤ ቦራ ሳትቀር፤ ቀለሙ ወረቀቱን ሊበሳ እስኪደርስ። ያልተነኩት ሁለት ናቸው፦ የእኔና የእሳቸው። ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ስሜን ይዘውታል። ስም የወሰደ ስም ይሰጣል ብለውኝ የለ! አይቻለሁ ብዬ ባልነግራቸውም ማየቴን ያውቁ ነበር፤ የሚጠራቸው ሰው እንዳላቸው አውቀው ነው የኖሩት። እንደ ልጅ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ወረቀቱን አቃጥዬ አመዱን በጣቴ አደቀቅኩት።

ሕይወት ይህን ሁሉ አፏን ከፍታ ሰማችኝ። ስጨርስ ሳቅ ብላ «እና ጋሼ፣ ማን ነበር ስማቸው?» አለችኝ።

«መጀመሪያ የአንቺን ስጪኝ» አልኳት።

ሳቋ ቆመ። የማስተካከያውን ፋይል ምንም ሳትነካ ዘጋችው። ፎርሙን ፈረመች፣ ቁልፉን ተቀበለች፣ ውሃ ልጠጣ ብላ ተነሣች። ከመነሣቷ በፊት ግን ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ወረቀት በፊቱ ገለበጠችው።